ወፍ ያልቆጠርንበት ዳርቻ

ለማስተርስ ትምህርታችን ገፈርሳ ግድብ ላይ የሚያርፉ የውሃ ወፎችን ስናጠና ሁለት ሆነን ነበር። ጓደኛዬ ቡራዩ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ገበሬዎቹን በኦሮምኛ ሰላም እያለች፣ ሩቁ ዳርቻ ድረስ እሷ ናት የምትመራኝ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሳ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ሚኒባስም ቀረ። እኔ አዲስ አበባ፣ እሷ ቤቷ ተቀመጥን። ስደውልላት "ዛሬም ተኩስ አለ፣ እንዳትመጪ" ትለኛለች። ሲረጋጋ ተመልሰን ቆጠርን፤ ብዙ ጠዋቶች ግን አምልጠውናል።

ሪፖርቱን ስጽፍ እዚህ ላይ እጄ ተያዘ። "ባልተጠበቁ ሁኔታዎች ምክንያት በአንዳንድ ቦታዎች መረጃ አልተሰበሰበም" ብዬ አለፍኩት። ሠንጠረዡ ላይም ባልሄድንባቸው ቀናት ሰረዝ አደረግሁ።

አማካሪያችን ቁጥብ ሴት ነበሩ። እርሳሳቸውን ሰረዙ ላይ አሳርፈው "ወፍ አልነበረም ማለት ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ እኛ ነን ያልነበርነው።"

"የት ነበራችሁ?"

ጓደኛዬ አቀርቅራለች። እኔ ሪፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር አነበብኩላቸው።

"እንግሊዝኛውን ተይውና በአማርኛ ንገሪኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ተኩስም ነበር። ፈርተን ቀረን።"

"አሁን ገባኝ። ይሄን ሠንጠረዥ ያየ ሰው ግን ወፎቹ ዳርቻውን ጥለው ሄዱ ቢል፣ ምን ትይዋለሽ?"

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። "ተቃውሞ የሚለውን ካስገባሽ ነገ መጥተው ቢጠይቁንስ?" አለችኝ ጓደኛዬ።

"ታዲያ ምን ልበል?"

ተጨቃጨቅን፤ ተኮራረፍንም። በማግስቱ ራሷ ደውላ "የሆነውን እንጻፍ፤ የሰውና የሰፈር ስም ግን አይግባ" አለች። መጀመሪያ በአማርኛ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ በተቃውሞው ወቅት መንገዱ ስለተዘጋና ለሕይወታችን ስለሰጋን ወደ ሩቁ ዳርቻ አልሄድንም፤ ሰረዙ አለመቆጠራችንን እንጂ ወፍ አለመኖሩን አያሳይም። አማካሪያችን "አለመቆጠራችንን" የሚለውን "አለመቁጠራችንን" ብለው አረሙልን። ሦስታችንም ሳቅን።

ሪፖርቱን ስናቀርብ አንዱ ፈታኝ "ይሄ ፖለቲካ አይሆንም?" ብለው ጠየቁ።

ጓደኛዬ ቀደመችኝ። "አይሆንም። የቀረንበት ምክንያት ነው" አለች። ፈታኙ ራሳቸውን ነቅንቀው ገጹን ገለጡ። አለፍን።

ወደ ታክሲ ስንሄድ በተቃውሞው ሰሞን ወንድሟ ታስሮ እንደነበር፣ አባቷም ከጣቢያ ጣቢያ ሲፈልጉት እንደሰነበቱ ነገረችኝ። "አሁን ተፈቷል" አለች ቶሎ ብላ። እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው መንገዱ መዘጋቱን ብቻ ነበር።