የጋሽ ጋዝ ስድስት ወፎች

ጋሽ ጋዝ ጡረታ ሲወጣ ከብረታ ብረት ቤቱ ይዞ የወጣው ሦስት ነገር ነበር፤ የቆዳ ሽርጡን፣ ቅጽል ስሙንና የቀኝ እጁን መንቀጥቀጥ። ሽርጡን ጓሮ ካለችው ክፍል ሰቀለው፤ ስሙን ሰፈሩ ተቀበለው። መንቀጥቀጡን ግን ለማንም አልተናገረም፣ ለሚስቱም ጭምር። አርባ ዓመት ብረት በጋዝ የቆረጠ ሰው "እጁ ከዳው" ሲባል ከሚሰማ ጆሮው ቢደነቁር ይመርጣል።

ለዚህም ነው የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር፣ "ጋሼ፣ ስድስት ወፎች የተቆረጡበት የብረት በር ይሠሩልናል? ልጆቹ በሁለት ሳምንት ይገባሉ" ስትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምን ችግር አለው!" ያላት። በልቡ ግን ከራሱ ጋር ተወራርዶ ነበር። ወፎቹ ካማሩ እጁ ገና የራሱ ነው። ካላማሩ ሽርጡን ለዘለዓለም ይሰቅላል።

የጋዝ ሲሊንደር ግቢዋ እንዲገባ ሚስቱ አትፈቅድም። ደግሞም ስስ ላሜራ በጋዝ ሲቆረጥ ይጣመማል። ስለዚህ በመብራት የሚሠራውን የፕላዝማ መቁረጫ ሊገዛ ወጣ፤ ሚስቱም ተከተለችው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ ብረት የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ማሽን ግን ማንም አያታልላትም።

ሻጩ በቀጥታ ወደ ትልቁ ወሰዳቸው። "አባቴ፣ ይሄ ወፍራም ብረት እንደ ሳሙና ነው የሚቆርጠው።"

የጋሽ ጋዝ ልብ እዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ግን ማሽን ፊት በቆመች ቁጥር የምትጠይቀውን ጠየቀች። "ምን ይበላል?"

"መብራትና አየር ብቻ፣ እናቴ።"

"የቤት መብራት ይችለዋል?"

ሻጩ ራሱን አከከ። ትልቁ የፋብሪካ መብራት ነበር የሚፈልገው።

"አየሩንስ ማን ይነፋለታል? እሱ ነው?" አለች ባሏን በአገጯ እየጠቆመች።

በመጨረሻ ትንሹን፣ ባለ አርባ አምፔሩን፣ አየር ከሚነፋለት ኮምፕረሰር ጋር አስጭነው ተመለሱ። የበሩ ላሜራ ውፍረት ሦስት ሚሊሜትር ነው፤ ትንሹ ከበቂ በላይ ነው። ጋሽ ጋዝ ግን እስከ ቤት ድረስ ስለ ትልቁ አወራ።

በማግስቱ ጥቁር መነጽሩን አደረገ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ ኮምፕረሰሩን አስጮኸ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ እሳቱን ለኩሶ ብረቱ እስኪቀላ ጠበቀ። በጋዝ እንደዚያ ነበር። ፕላዝማ ግን መጠበቅ አያውቅም፤ እሱ ቆሞ ሲያይ ላሜራው ላይ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ። ሳቀ። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ፣ ብልጭታው ወደ ታች እየወረደ፣ ሳይቆም ገፋው። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። እስከ ምሳ ሰዓት እያፏጨ ቆረጠ።

ጣጣው ከሰዓት በኋላ መጣ። ወፉን ቁራጭ ላሜራ ላይ በጠመኔ ስሎ ያለ ምንም ድጋፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ወፍ ዶሮ ሆነች፣ ሁለተኛዋ ጫማ፣ ሦስተኛዋ ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። "አየሩ እርጥበት አለው" ብሎ ከኮምፕረሰሩ ውሃ አፈሰሰ። "የመቁረጫው ጫፍ አልቋል" ብሎ ቀየረ። "መብራቱ ይዋዥቃል" ብሎ መብራቱን ወቀሰ። ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ሁሉንም ሰማች።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ጋዝ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። እጁን አየው። ለዳይሬክተሯ "ሌላ ሰው ፈልጊ" ሊላት ቆረጠ፤ ይህም ከምንም በላይ አመመው።

ሚስቱ ወጣች። ክንዷ ላይ ከስስ እንጨት፣ ከኮምፔርሳቶ፣ የተቆረጡ ስድስት ወፎች ነበሩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የመቁረጫ ልክ ነዋ። እኔ ያለ ልክ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። አንተ ብረት በግምት ትቆርጣለህ።"

አንዱን ተቀብሎ አገላበጠው። "ከሥዕሌ አንሰዋል እኮ።"

"የስፌት ቦታ ትቼ ነው። የመቁረጫህን አፍ በሜትሬ ለካሁት፤ ግማሹን ያህል ዙሪያውን ቀነስኩ። አንተ ጫፉን ልኩ ላይ አስደግፈህ መዞር ብቻ ነው። የተደገፈ እጅ አይንቀጠቀጥም።"

ጋሽ ጋዝ ቀና አለ። "ማን ነው የሚንቀጠቀጠው?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይህን ግማሽ የምቀዳልህ ስኳር ልቆጥብ መስሎሃል?"

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "የኔ ሚስት ብርጭቆ መሙላት ትፈራለች" እያለ ሲያስቅባት ነበር። እሷም አብራ ስትስቅ ነበር። አፈረ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለው።

"በይ ከእሳቱ ራቂ" አለ በመጨረሻ።

ልኩን የበሩ ላሜራ ላይ አጥብቆ አሰረ፣ ጫፉን አስደገፈ፣ ዞረ። የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ትንሽ ጠቆረ። ብረቱ ኳ ብሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ በሩ ላይ የቀረው ክፍተት ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ምንቃሩ ሳይቀር ወፍ ነበር።

በሩ ልጆቹ ከመግባታቸው ሁለት ቀን ቀድሞ ተተከለ። ዳይሬክተሯ በወፎቹ ጠርዝ ላይ ጣቷን አስኬደች። "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።"

"የሷም ይባረክ" አለ ወደ ሚስቱ እያየ። "ልኩ የሷ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆውን ወደ ሚስቱ ገፋ። "ሙዪው።"

"ይፈስብሃል።"

"ሙዪው አልኩሽ።"

እስከ አፉ ሞላችው። ጋሽ ጋዝ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ላይ ፉት አለ። ልብስ ሰፊዋ ከአፏ መርፌዋን አወጣች፤ እየሳቁ መርፌ መንከስ አይቻልም። ሻዩ ግማሽ ሲደርስ ብርጭቆውን አነሳ። እጁ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም አልደበቃትም።