ቶሎሳ የሚተውልኝ ግማሽ ወንበር

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ኋላ ከተሳፈሩት ሁሉ ጋር ስወርድ፣ ሁልጊዜ የሚያመላልሰኝ ባለባጃጅ ቶሎሳም ጎማ ሊያይ ለመውረድ ሞከረ። ወገቡ ግን እምቢ አለው። መሪውን እንደያዘ ጎብጦ ቀረ።

ደግፌ አወረድኩት። "ምን ሆንክ?" ስለው አፈረ።

"ወገቤ ነው፣ ቲቸር። ፊዚዮቴራፒ ሄጄ ነበር። ጎንህ ሰው አትጫን፣ ወንበሩ መሃል ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን ትጭናለህ?" ብዬ ተቆጣሁ። (አስተማሪ ነኝ፤ ቁጣ ይቀድመኛል።)

ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ጎኑ የሚቀመጠው ማን ሆነና!

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ኋላው ሞልቶ ሲመጣ "ቶሌ፣ ጠጋ በልልኝ፣ ረፍዶብኛል" እለዋለሁ። ዛሬም ብዬዋለሁ። እሱም ጠጋ ይላል። እኔ ተደላድዬ እቀመጣለሁ፤ እሱ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ሆኖ፣ ተጣሞ ይነዳል።

ከዚያ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን "ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ!" እላለሁ።

"ከነገ ጀምሮ ኋላ ቦታ ከሌለ በእግሬ እመጣለሁ" አልኩት።

"ኧረ ችግር የለም፣ ቲቸር" ብሎ ሳቀና ቀስ ብሎ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

ቆሜ አየሁት። ባጃጁ ባዶ ነው፤ አንድም ሰው አልጫነም። እሱ ግን አሁንም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተጣሞ ተቀምጧል። የእኔን ቦታ ትቶልኝ ሄደ።

እናንተስ "ጠጋ በል" እያላችሁ የማንን ወገብ አጎበጣችሁ? እስኪ ንገሩኝ፤ ብቻዬን ከበደኝ።