ያልተቀበልኩት ጋያ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ክረምት ሲቀረኝ ይመስለኛል፤ አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ የምንፍቅበት ጊዜ ነው።

ከከተማው ዳር ካለው ሰፈሬ ከአካላ በማለዳው ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ እየመጣሁ ስቶክሆልም መሀል ያለ የሥዕል ቤት ወለል እወለውል ነበር። ሌላውን ሥዕል እንደ ግድግዳ ነው የማልፈው። አንዱ ግን ያቆመኛል። ጣራው ዝቅ ባለ መጠጥ ቤት አራት ሽማግሌዎች በርሜል ከበው ፒፓ ያጨሳሉ። አንደኛው የለኮሰውን ለጎረቤቱ ዘርግቶለታል፤ የጎረቤቱ እጅ ገና አልተነሳም።

አብራኝ የምትሠራ የደሴ ሴት ነበረች። “አባባ፣ እዚህ ጋ ያለው ወለል በውልወላ ሊያልቅ ነው እኮ፤ ለሌላውም ይዘኑለት” አለችኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነገርኳት።

በእኛ ቀዬ ጋያ ለብቻ አይጨስም። ቅሉ ውስጥ ውኃ፣ አናቱ ላይ ትምባሆና ፍም አድርገን ከታላቅ ወደ ታናሽ እናዞረዋለን። አንዱ አልቀበልም ካለ እሱን ዘሎ አያልፍም፤ መሬት ይቀመጣል፣ የዕለቱም ጨዋታ ያበቃል። ከአገር በምወጣበት ዋዜማ ታላቅ ወንድሜ ዘረጋልኝ። ‘የአባትህን መሬት ጥለህ ትሄዳለህ’ ብሎኝ ነበርና አኩርፌ እጄን አልዘረጋሁም። አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ድምፁን አልሰማሁም።

“ይደውሉለታ” አለች።

“ምን ብዬ?”

“እሱን፣ ስልኩን ሲያነሳ ያውቁታል።”

ወንድሜ ቤት አጠገብ ያለው ሱቅ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ከርሞ ነበር። በማግስቱ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠችኝና ደወለችልኝ። ሰው ልከው እስኪጠሩት አንድ ካርድ አለቀ፤ ሌላ ፋቀች።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ያ የድሮ ሳሌ ያዘኝ።

“ሳልህ አልለቀቀህም?” አለኝ።

“ብርዱ ነው።”

“ቅሉ ተሰንጥቆ ሌላ አበጅቻለሁ። ተራው ግን አሁንም ያንተ ነው።”

“ዘርጋው። ተቀብያለሁ” አልኩት።

ለመሄድ ሳስብ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ በዓመቱ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ያን ቅል በእጄ ሳልይዘው ቀረሁ፤ ዛሬም ሲመሽ የውኃው ጉርጉርታ ጆሮዬ ላይ ነው።

እዚሁ ሐዘን ተቀምጬ ወደ ሥራ ስመለስ የሥዕል ቤቱ ወለል በሙሉ ተወልውሎ ቆየኝ፤ ከዚያች ከሽማግሌዎቹ ሥዕል ፊት ካለችው ቦታ በቀር። ያችን ለእኔ ብላ ትታታለች። ያን ክረምት ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ አብራኝ የምትወለውለው የደሴዋ ሴት።