ጉሮሮ የወረደው ጠብታ

ይህ የሆነው ካቻምና በጾመ ፍልሰታ ነው። የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ትንሽ አጥቢያ ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። እኔ ሞላሌ አስተምራለሁ፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እከርማለሁ።

በዚያ ዓመት ገና ሐምሌ ሲገባ ሁለቱም ዓይናቸው ቀላ፤ ብርሃን ማየት አቃታቸው። ጎረቤቱ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይሻላቸዋል አለኝ። አልሰማሁም። ይዣቸው ከሞላሌ በመኪና ከተማ ወረድኩ፤ የተማረ ሰው ወጉ ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች የሚጠራሩባቸው ፕሮቲኖች አሉ አለን። ጠላት ሲገባ አንዱ ኡኡ ይላል፣ ሌላው ይደርስለታል። በአባቴ ዓይን ውስጥ ግን ኡኡታው የተነሣው ሌባ ሳይኖር ነው፤ የደረሰው ሁሉ የገዛ ቤቱን እያፈረሰ ነው። ጠብታው ኡኡታውን ዝም ያሰኘዋል፤ ከተጓደለ ግን እንደገና ይነሣል። በየሁለት ሰዓቱ አድርጊላቸው፣ እኔን ሳትጠይቂ እንዳትቀንሺ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ሳናጓድል አደረግን። ቅላቱ ለቀቀላቸው፤ መጽሐፍ መግለጥም ጀመሩ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

አጥቢያችን ያሏት ቄሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። የሚቀድስ ሰው ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃም አይቀምስም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጠብታውን ይዤ ስቀርብ አባቴ እጄን ያዙኝ። ለካ ጠብታው ሁልጊዜ ጉሮሯቸው ድረስ እየወረደ ይመርራቸው ኖሯል።

“ዓይን እኮ አይበላም አባባ” አልኳቸው።

“ጉሮሮዬ እየመረረው አልቀመስኩም ብዬ መቅደስ ልግባ? ተይኝ ልጄ።”

ተውኳቸው። ከቅዳሴ ወጥተው እህል ከቀመሱ በኋላ ብቻ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ አደርግላቸው ጀመር። ለሐኪሙ ልደውል ብዬ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቻለሁ። ግን ምን ልበለው? አንዲት መምህርት የዓይን መድኃኒት ጾም ያስገድፋል ወይ ብላ ስትጠይቀው የሚስቅብኝ መሰለኝ። አፈርኩና ተውኩት። ተማሪዎቼን “መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” እያልኩ የማደርቃቸው እኔ ነኝ።

ጾሙ ሲፈታ ዓይናቸው ተመልሶ ደም መስሏል። የመኪናው መንገድ በጭቃ ስለተዘጋ ከተማ የደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው። የቀኙ አለቀለት፤ በግራው ጭላንጭል ብቻ ቀረቻቸው።

ሐኪሙ ለምን ቀነሳችሁ ብሎ ተቆጣኝ። እያፈርኩ ነገርኩት። አልሳቀም። በጣቱ የራሱን ዓይን ጥግ፣ በአፍንጫው በኩል ተጫነ።

“ጠብታው እንደገባ እዚህ ጋ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢጫኑት ጉሮሮ አይወርድም ነበር” አለ።

አባቴ ወደ ድምፁ ዞሩ። “ይህን ያኔ ብትነግረን ምን ነበረበት ልጄ?”

“ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ አባ።”

ማየት የተሳነው ቄስ አይቀድስም። ቅዳሴው ግን አልታጎለም፤ አጥቢያው በሳምንቱ ሌላ ቄስ አገኘ። አባቴ አሁን ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። አዲሱ ቄስ ዜማውን ሲስት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ሐኪሙን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ራሴን ግን ከእሱ አብልጬ እጠላለሁ፤ እሱ የሚጠይቀው አጣ፣ እኔ የምጠይቀው እያለኝ አፈርኩ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።