የተጨመረው ዘጠኝ

ማንጠግቦሽ ደባርቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ረዳት ናት። ብልቃጥ ታጥባለች፣ ኬሚካል ትመዝናለች፣ ተማሪ ሲደናገር ታርማለች። «አንዱ ሃያ፣ አንዱ ሃያ ሁለት ብሎ ቢያነብ አትደንግጡ፤ የዘፈቀደ ስህተት ነው። ደጋግማችሁ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ወዲህና ወዲያ ያለው ይካካሳል» ትላቸዋለች።

የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ቴርሞሜትር የተሰበረ ጊዜ ነርሷ ሲስተር ታየች እሷው ዘንድ መጣች።

«አዲሱ እስኪመጣ አንድ አውሺን፣ እህቴ።»

ማንጠግቦሽ ሳትፈትሽ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ውሃ አፍልታ ቴርሞሜትሩን ነከረችው፤ ዘጠና አንድ አለ። መጽሐፉ መቶ ነው የሚለው። ደግማ አፈላች፤ ያው። እንደገናም ያው። አንድ ቃል መናገሩ ልቧን ሞላው። «ዘጠኝ ያጎድላል። ካነበብሽው ላይ ዘጠኝ ጨምሪ፣ ሲስተር» ብላ ይህንኑ ፕላስተር ላይ ጽፋ ለጠፈችበት።

«አንቺ እያለሽ ምን እንሆናለን!» አለች ታየች። ቴርሞሜትሩ አምስት ሲያሳያት አሥራ አራት ነው፣ ለክትባት ሞቀ ብላ ድምሩ አምስት እስኪሆን የፍሪጁን ቅዝቃዜ ጨመረችው።

ክረምቱ ሲገባ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያው ጤና ጣቢያ በወጉ የተከተበውን የማንጠግቦሽን ልጅ ገዱን ትክትክ ያዘው። ሳሉ ሲነሳበት ፊቱ ይጠቁራል፤ ትንፋሽ ሲስብ ያፏጫል።

«ተከትቦ የለም እንዴ?» አለች ታየች። እንደሱ ተከትበው የታመሙ ሌሎች ሕፃናትም አስተኝታ ነበር።

ማንጠግቦሽ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ ተተከለ። የዚያን ቀን ከሰዓት በረዶ ወርዶ ግቢው ነጭ ሆነ። እስከዚያ በፈላ ውሃ ብቻ ነበር የፈተሸችው፤ ትምህርት ቤቱ በረዶ ከየት ያምጣ? በረዶውን በኩባያ ዝቃ፣ መቅለጥ ሲጀምር ቴርሞሜትሩን ከፍሪጁ አውጥታ ከተተችው። ከዜሮ በታች ዘጠኝ ይላል ብላ ጠበቀች። ዜሮ ላይ ቆመ።

ደባርቅ ከፍ ያለ አገር ነው፤ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ምንም አልጎደለውም፤ የሳተችው እሷ ናት። ይሄኛው ስልታዊ ስህተት ነው፤ ደጋግመው ቢለኩት ያንኑ ውሸት መልሶ ይነግራል እንጂ አይካካስም።

«ስለዚህ ፍሪጁ ከዜሮ በታች ነበር» አለች ታየች። «በረዶ የሆነ ክትባት እኮ አቅም የለውም።»

አዲስ ክትባት ከጎንደር መጣ። ለገዱ ግን አልደረሰም፤ በሽታው ቀድሞታል። ማንጠግቦሽ ልጇን ለባሏ ለደርቤ ትታ በገበያ ቀን የገበያው መግቢያ ላይ ቆመች።

«ልጆቻችሁን መልሳችሁ አስከትቡ! ክትባቱ የተበላሸው በእኔ ስህተት ነው!»

አንዲት ከሊማሊሞ በኩል የመጣች እናት ያዘለችውን ጠበቅ አደረገች። «አወቅን ባዮች ጨረሳችሁን! የራስሽንስ ልጅ?»

«ኦክስጅን ላይ ነው» አለች ማንጠግቦሽ። «ያንቺ ገና ደኅና ነው። ዛሬውኑ ውሰጂው።»

ሴትዮዋ ለገበያ ያመጣችውን እህል እዚያው አስቀምጣ በጤና ጣቢያው መንገድ ሄደች። ማንጠግቦሽ ወደሚቀጥለዋ እናት ዞረች።