ማሪቴስ በጾም ያከበረችው ገና

ማሪቴስ ባሕር ዳር በገባች በመጀመሪያዎቹ ወራት አማቷን «አንተ» እያለች ነበር የምትጠራቸው። በአገሯ ቋንቋ ወንድና ሴት የሚለይበት ቃል ስለሌለ «እሱ»ና «እሷ» ይምታቱባታል፤ «እርስዎ» የሚለውማ ጭራሽ አልገባትም። እማሆይ ወለተ ሚካኤል የመሪጌታ ሚስት ሆነው የኖሩ፣ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ፣ በሰፈሩ የሚከበሩ ሴት ናቸው። ግን አልተቆጡም። ጎረቤት ሲስቅ «ተዋት፣ አፏ እስኪፈታ ነው» ይላሉ። ስሟ ስላስቸገራቸው እሳቸውም በበኩላቸው «ማርታ» አሏት።

ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ያመጣት ልጃቸው አምባቸው ነው። አምባቸው የመርከብ መካኒክ ነው። የሚሠራባት መርከብ ለጥገና ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ወደብ በቆመችበት ጊዜ ከወደቡ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ምሳውን ይበላ ነበር፤ ማሪቴስ የምግብ ቤቷ ባለቤት ልጅ ናት። መጀመሪያ ምግቡን፣ ቀጥሎ እሷን እንደወደደ ራሱ ይናገራል። ተጋብተው አብረው መጡና ጥቂት እንደቆየ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዓመቱ አብዛኛውን ባሕር ላይ ስለሚያሳልፍ ቤቱ የሁለቱ ሴቶች ሆነ።

ማሪቴስ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳ ከዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ትገዛለች። ጭንቅላቱን ሳትቆርጥ ከዝንጅብልና ከቲማቲም ጋር በብዙ ውሃ ትቀቅለዋለች፤ እንዲጎመዝዝ ደግሞ ከግቢያቸው ዛፍ ያልበሰለ ማንጎ አውርዳ ትከትፍበታለች። ከጎኑ ነጭ ሩዝ ይቀርባል። ሩዙ የፎገራ ነው። ከአምባቸው ጋር ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ ሐሙሲትን አልፈው ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ ባየች ጊዜ አውቶብሱ ውስጥ እንባዋ መጥቶባት ነበር።

እማሆይ ሥጋ ከተዉ ቆይተዋል፤ ዓሣ ግን በፍስክ ቀን ይበላሉ። ሾርባውን መጀመሪያ ሲያዩት ፊታቸውን አጨፍግገው «በርበሬ የሌለው ምግብ የበሽተኛ ነው» አሉ። በማግስቱ ሳህናቸውን ዘርግተው «እስቲ ከዚያች ጎምዛዛ ጨምሪልኝ» አሏት። ማሪቴስ ቃላቱን ባትለይም የተዘረጋውን ሳህን አየችና ሞላችላቸው።

ክፉው ቀን የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። በእሷ አገር ገና ከእኛው ቀድሞ ይውላል፤ በዚያን ቀን እዚህ ጾመ ነቢያት አላለቀም። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እማሆይ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ዶሮ ገዝታ አረደች። በነጭ ሽንኩርት፣ በአቼቶና እናቷ በሻንጣ በላከችላት ሶያ ሶስ አዶቦ ሠራች፤ በአገሯ ገና ያለ አዶቦ አይታሰብም። ድስት ስትፈልግ ጥግ ላይ ተደፍቶ ያገኘችውን ትልቁን አነሳች። የእማሆይ የጾም ድስት ነበር።

እማሆይ የግቢውን በር ሲከፍቱ ሽታው ተቀበላቸው። ወጥ ቤት ገቡ፤ ድስታቸውን አዩ። ማሪቴስ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ አሰናድታ ቆማለች። እማሆይ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት።

ማሪቴስ ወዲያው አምባቸው ጋ ደወለች።

«እናትህ ተቆጣ» አለችው እያለቀሰች። «ምን አደረግሁ?»

«ምን ሠራሽ?»

«ዶሮ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጾም መሆኑን ልነግርሽ ይገባ ነበር» አላት አምባቸው።

ምግቡን ለማይጾሙ ጎረቤቶች ሰጠችው። በማግስቱ ገበያ ወርዳ አዲስ ድስት ገዝታ እማሆይ በር ላይ አስቀመጠች። እሳቸውም አንስተው «እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን የተነጋገሩት ነገር የለም። ማሪቴስ ግን ደስታዋን ለብቻዋ መያዝ ለመደች፤ እማሆይም ከአፋቸው ያልወጣው ነገር ከብዷቸው ከረመ።

በሚቀጥለው ዓመት ማሪቴስ ገናዋን ላታከብር ወሰነች። ቀኑ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ነበር። እማሆይ አስቀድሰው ሲመለሱ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ስልኳን ስታይ አገኟት። እናቷ፣ ወንድሞቿ፣ የወንድሞቿ ልጆች በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡላት ነበር። እማሆይን ስታይ ስልኩን ዘጋችና ዓይኗን ጠረገች።

«ምን ሆነሻል ማርታ? ሰው ሞተ?»

«አይደለም እማሆይ። ዛሬ ገና ነው። እኛ አገር።»

እማሆይ መቋሚያቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ታዲያ አምናም ይኸው ነበር?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እኮ ጾሙን ንቀሽ የሠራሽው መስሎኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዓልሽ መሆኑን ማን ነገረኝ? ቤቴ ውስጥ ብቻሽን በዓል ውለሻል።»

ማሪቴስ እጃቸውን ይዛ ግንባሯን አስነካችው፤ በአገሯ ታላቅ ሰው የሚከበረው እንደዚያ ነው። እማሆይ ጠየቁ፤

«ለገና የምትበሉት ሁሉ ሥጋ ነው?»

ማሪቴስ አሰበች። ከገና በፊት ባሉት ቀናት ንጋት ላይ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ በር ላይ ሴቶች ቡድቡድ እንደሚሸጡ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳቻቸው። ቡድቡድ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ሩዝ ነው። ንጋት ላይ የሚቆም ቅዳሴ መኖሩን ሲሰሙ የእማሆይ ፊት በራ።

«ምን ምን ይገባበታል?»

«ሩዝ፣ ስኳር፣ ወተት።»

«ወተትማ አይሆንም።»

«የላም አይደለም! የፍሬ። ኮኮናት። ይፈጫል፣ ይጨመቃል፣ ነጭ ይወጣል።»

«ተጨምቆ ነጭ የሚወጣ?» እማሆይ ተነሡ። «እሱስ ሱፍ አለልሽ።»

ሱፉን ራሳቸው ቀቀሉት፤ ወቅጠው በውሃ በጠበጡና በነጭ ጨርቅ አጠለሉት። ማሪቴስ በጣቷ ቀመሰች። ኮኮናት አልነበረም፤ ቅባቱና ለስላሳነቱ ግን ተመሳሰለባት። ሩዙን በሱፉ ወተት አፍልታ ስኳር ጨመረችበት። ኮባ ከጎረቤት ለምነው አመጡ፤ ቅጠሉን እሳት ላይ አለሳልሳ ጠቀለለችበት።

የመጀመሪያው አልሆነም። የፎገራ ሩዝ እንደ አገሯ ሩዝ ስለማይጣበቅ ቅጠሉ ሲከፈት ሁሉም ተበተነ። ማሪቴስ «ተበላሸ» ብላ ልትተወው ነበር።

«ምን ተበላሸ? የሚያያይዘው አጥቶ ነው» አሉ እማሆይ። ለእንጀራ ካስፈጩት የሩዝ ዱቄት ዘግነው አመጡ። «ይኸን አግቢበት፤ ቀስ እያልሽ አማስዪው።»

እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ እሳቸው ግን እህል ሳይቀምሱ ድስቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁ። ሁለተኛው ሲወጣ ቅጠሉን ማሪቴስ ፈታችው። ሩዙ ተያይዞ፣ የኮባው መስመር ላዩ ላይ ታትሞበት፣ እየጤሰ ወጣ። እማሆይ ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ አጎረሷት። ከዚያ ራሳቸው ቀመሱ።

«እንዴት ነው?» አለች ማሪቴስ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

«ጨው ረስተሻል» አሉ እማሆይ፤ ሌላም ቆረሱ።

ያን ቀን ኮባ የሰጧቸው ጎረቤቶች ሁሉ ደረሳቸው። እማሆይ የጽዋ ማኅበራቸው ተራ በደረሰ ጊዜ፣ ጾም ስለነበር፣ ከዳቦው ጎን የማርታን ሩዝ አቀረቡ። ሴቶቹ አሠራሩን ሲጠይቁ መልሱን ለእሷ ተዉላት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አማርኛ ስትናገር ላብ አጠመቃት፤ ግን ጨረሰችው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሦስት ሴቶች ግቢያቸው እየመጡ አብረዋት ይሠራሉ። እሷም ከእነሱ ሽሮ መምታት ተምራለች፤ እስካሁን ግን እየቋጠረባት ተቸግራለች።

በቅርቡ እናቷ በቪዲዮ ደውለው ሳለ እማሆይ ስልኩን ተቀበሏት። ሁለቱ እናቶች ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ሴቡ ያሉት እናት ሳቁ፤ እማሆይም ሳቁ።

«ጤናዋን ጠይቂልኝ» አሉ እማሆይ። «ደግሞ መቼ ነው የምትመጣው በያት።»

ማሪቴስ ሳትተረጉም ወደ እሳቸው ዞረች። «እማሆይ፣ የእውነት?»

«ልጇን ሰጥታን የት እንደምትኖር ሳታይ ትቅር?»

እናቷ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። አምባቸው ፈቃዱን ከዚያ ወር ጋር አገጣጥሟል። እማሆይ የመሪጌታን የድሮ ክፍል ከፍተው መጻሕፍቱን ወደራሳቸው ክፍል አዛወሩ፤ ግድግዳውንም ኖራ አስቀቡት። ትናንት ለእናቷ የተገዛው አልጋ በጋሪ መጣ። በበሩ አልገባ ስላለ ሁለቱ ሴቶች እግሮቹን እየፈቱ እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ሲታገሉ ዋሉ።