ሳይቀላ የሚለቀም

የውብዳር የምታውቀው እምቧይ የጎጃሙን ነው፤ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን፣ ከብት እንኳ አሽትቶ የሚያልፈውን። ፈረንጆቹ የቀድሞ አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሲመለሱ "ለጌጥ ይሁንሽ" ብለው አንድ ጣሳ ተክል ሰጧት። ያንን ታቅፋ ጅቡቲ ካርቲየ ሰባት ሰፈር እማማ ማይሙና ቤት ለሥራ ስትገባ፣ እምቧይ ይዛ የገባች ነበር የመሰላት። ፍሬው እንደ ትንንሽ ዱባ የተሸነሸነ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያምራል። ግን እምቧይ ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይሆንም።

እማማ ማይሙና የድሬዳዋ ነጋዴ ሚስት ሆነው በልጅነታቸው ጅቡቲ የገቡ፣ አሁን ባላቸው ሞተው እሳቸውም አልጋ የያዙ ሴት ናቸው። ከዓረፋ በዓል ወዲህ ከሻይና ከወተት በቀር በአፋቸው የሚዞር ነገር አልነበረም። ልጃቸው ኒዛር የየመኖቹን ጥብስ ዓሣ ሳይቀር አምጥቶ ለምኗቸዋል። ሐኪሙም ካልበሉ ብዙ አይቆዩም ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ተክሉን ሲያዩ ግን ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ፈረንጆቹ ሰጡኝ፣ እማማ። አይበላም።"

"ማን ነው አይበላም ያለሽ? በዲንጃን ነው እኮ፣ ደበርጃን የምትሉት! እናቴ በሁመር ትሠራው ነበር፤ እዚያ ኮምጣጣ ውስጥ ትነክረውና..." ምራቃቸውን ዋጡ። "ዝሪልኝ፣ ልጄ። እሱን ከሠራሽልኝ እበላለሁ።"

ኒዛር በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ወጥታ ስታልፍ "በይ እንግዲህ" አላት። እሷም ሥራዋ ሁሉ ይሄው አንዱ የሆነ ያህል ከበዳት።

መጋቢት ላይ ነው። የዘይት ጀሪካን ከወገቡ እየቆረጠች ጣሪያው ላይ ባለው ታራስ ደረደረችና ከቀዩ ፍሬ ዘሩን አውጥታ ዘራች። የመጀመሪያዎቹ ችግኞች በቧንቧው ውኃ ጨው ጠርዛቸው እየነደደ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ነው ከእማማ ክፍል ክሊም ሥር ባልዲ ያስቀመጠችው። ማቀዝቀዣው የሚያንጠባጥበው ውኃ ጨው የለውም። ማታ የተጠራቀመውን ጠዋት ተሸክማ ትወጣለች።

የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ሀዊ ልብስ እያሰጣች ታያታለች።

"የውቤ! እምቧይ በክሊም የሚያድግበት አገር መጣን በይኛ!"

"ዝም በይ አንቺ፣ ይሰሙሻል።"

"ቆይ፣ ሊቀመጥበትስ ሶፋ አታመጪለትም?"

የኢትዮጵያ መብራት በሽቦ ጅቡቲ ሊገባ ገና ሁለት ዓመት የቀረው ጊዜ ነበር። ኸምሲኑ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ሲነሣ መብራቱ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ክሊሙ ይቆማል፤ ባልዲው ይደርቃል። ያን ጊዜ ታች እማማን በካርቶን እያራገበች ልቧ ጣሪያው ላይ ተክሉ ጋ ነው። ስትወጣ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ታገኘዋለች። የአልጋ ልብስ ዘርግታ ጥላ ሠራችለት። ብዙው አበባ ረገፈ። ጥቂቱ ግን ያዘ፤ አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ የአውራ ጣት ራስ የሚያህል።

"ፍሬ ያዘ?" ይሏታል እማማ፣ ባልዲውን ይዛ ባለፈች ቁጥር። ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ በእሷ ዓይን ነው የሚያዩት።

"ገና ነው፣ እማማ። አበባ ላይ ነው።"

ውሸቷን ነው። እንዲያው አረንጓዴውን ስታይ እጇ አልዘረጋ አላት። ልጅ ሳለች እናቷ "አረንጓዴውን እምቧይ እንዳትነኪ፤ የሚገድለው እሱ ነው" እያሉ ነው ያሳደጓት። ደግሞስ በሰው አገር አሮጊት መርዛ ገደለች ብትባል ማን ይሰማታል? ይብሰል፣ ይቅላ፣ ያኔ አያስፈራም አለች በልቧ። እማማም ደግመው ይጠይቃሉ፤ እሷም ደግማ ትዋሻለች። ጉንጫቸው በየሳምንቱ ይጎደጉዳል።

ሐምሌ ላይ ቀላ። ለቀመችው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አቁላላች፣ ቲማቲም ጨመረች፣ ሁመሩን ዘፍዝፋ አጥልላ አፈሰሰችበት። በትንሽ ሳህን ከዳቦ ጋር አቀረበች። ኒዛርም ከሱቅ ተጠርቶ መጥቶ ቆመ።

እማማ ጎረሱ። ፊታቸው ተኮማተረ። እንደ ምንም ዋጡት።

"ቀልቷል" አሉ።

"በስሏል ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ሲቀላ ይመራል። አረንጓዴውን ነው የሚለቅሙት። አረንጓዴ ሆኖ ብዙ ቆየ?"

ኒዛር አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቱን አየና ወጣ።

"አበባ ላይ ነው ስትዪኝ... ፈርተሽ ነው?"

"አዎ" አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ጫፍ ጫፉ ላይ ዘግይተው የያዙ ጥቂት አረንጓዴዎች ቀርተው ነበር። በማግሥቱ እነሱን ለቅማ ለሁለት ለሁለት ሰነጠቀቻቸው፣ እንደ ትናንቱ ሠራች። ይዛ ስትገባ ሽታው ቀድሟት ገባ።

"ይሄ ነው" አሉ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ይሄ የእናቴ ነው።"

አንዷን ፍሬ አፋቸው ውስጥ አደረገችላቸው። አላመጡ፣ አላመጡ፤ ጉሮሯቸው ግን እንቢ አለ። ወተቱም ከትናንት ማታ ጀምሮ አልወርድ ብሏቸው ነበር። እጇን ዘረጋችላቸው፤ መዳፏ ላይ መለሱት።

"በቃ" አሉ። "አንቺ ብዪው። አይደፋም።"

"እኔ?"

"እዚህ ተቀመጪ። እያየሁሽ ብዪ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጎረሰች። እንባዋ ከወጡ ጋር አብሮ ገባ።

"እንዴት ነው?"

"ይኮመጥጣል፣ እማማ።"

"እሺ። ሌላስ?"

"ለስላሳ ነው... ዘሩ ከጥርስ ሥር ቋ ቋ ይላል።"

"ትንሽ አይመርም? መጨረሻ ላይ?"

"ትንሽ። ዋጥ ካደረጉት በኋላ ነው የሚመጣው።"

"አዎ" አሉ እማማ። "እሱን ነው ስጠብቅ የነበረው።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ጨርሺው።"

እሷም ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ጨረሰችው።